ጠጠር ገባብኝ፣ ካቦ

ሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ሰኞ ገበያ ዋልኩ። ረሂማ ቅቤ ግዛ ብላ ልካኝ። ቅቤውን ቀመስኩት… ግማሹ ሙዝ ነው። ሳልገዛ ተመለስኩ። ባለቅቤዋ ተሳደበች፣ እኔም አልተውኳትም።

ወደ ሰፈሬ ወደ ሆጤ ሽቅብ ስመለስ ግራ ባቴን ያዘኝ። እንደ ሰሞኑ። ውስጥ ውስጡን ጭምቅ፣ ጭምቅ… ቆምኩ። ለቀቀኝ። ሄድኩ። መቶ እርምጃ ሳልሞላ ደግሞ ያዘኝ።

ሰው እንዳይታዘበኝ የሱቅ መስታወት የማይ መሰልኩ። ለካ የተሰቀለው የሴት የውስጥ ልብስ ኖሯል! ባለሱቋ ልጅ ብቅ ብላ «አባባ፣ ምን ልስጥዎት?» አለችኝ። በስልሳ ሁለት ዓመቴ። እያነከስኩ ሸሸሁ።

ለረሂማ አልነገርኳትም። ምን ብዬ? ሲቆሙ ደህና፣ ሲሄዱ የሚያም በሽታ አለ እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

አወቀች። ከሚስት ምን ይደበቃል።

«ብርድ ነው፣ የሙና አባት። ሃያ ዓመት ሙሉ የኮምቦልቻን ሙቀት ለምደህ የደሴ ብርድ ገባብህ» አለች። ጡብ በከሰል አግላ፣ በጨርቅ ጠቅልላ እግሬ ሥር አደረገችው። ደስ ይላል። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ነገ አልወጣም። ካልሄዱ አያምም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ከጁምዓ ስንመለስ ከሰፈር ሰዎች ጋር ነበርኩ። አምስት ስድስት ሽማግሌ፣ ወሬ ይዘን። ባቴ ያዘኝ። እንዴት ልቁም? በሰው ፊት? ጎንበስ አልኩና ጫማዬን አወለቅኩ። አራገፍኩት። «ጠጠር ገባብኝ» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። ቃሉ የኔ አይደለም።

«ጠጠር ገባብኝ፣ ካቦ።» የሀምዱ ቃል ነው። አሥራ አምስት ዓመት ጆሮዬ ያልሰማው።

ያኔ ኮምቦልቻ የእህል መጋዘን ላይ የጫኝና አውራጆች ካቦ ነበርኩ። አርባ ሰው በፉጨቴ ይነሳል፣ በፉጨቴ ይቀመጣል። ሀምዱ ከአርባዎቹ አንዱ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮንጎ ጫማ የሚያደርግ። ኩንታል ተሸክሞ ከመኪናው ወደ ቁልሉ ሲሄድ መሀል ላይ ቀጥ ይላል። ጆንያውን ግድግዳ ላይ ያስደግፍና አንድ ጫማውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ጠፍ ጠፍ ያደርጋል። «ጠጠር ገባብኝ፣ ካቦ።» አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን… በቀን ስንት ጊዜ ነው ጠጠር የሚገባው? ከጫማው ግን አንድም ቀን ጠጠር ሲወድቅ አላየሁም።

ሀምዱ ጠጠር አልኩት። አርባው ሰው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ማንም በሌላ ስም አልጠራውም።

ዛሬ በኔም ጫማ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 21

ጉም። አልወጣሁም። ጫማዬን በሩ ላይ ሳየው ዋልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 1

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ረሂማ አስገድዳኝ። ዶክተር ስለሺ የሚሉት ልጅ ነው፤ ልጅ ያልኩት ለኔ ነው እንጂ ፀጉሩ ሸሽቷል። የእግሬን ጀርባ በጣቱ ተጫነ። የደም ምት እየፈለገ ነው። ቀኙን ተጫነ፣ ወደ ግራው ተመለሰ። የደም ግፊቴን መጀመሪያ ክንዴ ላይ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ለካ።

«ብርድ አይደለም አባቴ። ወደ እግርዎ ደም የሚወስደው ደም ሥር ጠቧል። ሲቀመጡ ያለው ይበቃዎታል። ሲሄዱ ጡንቻው ተጨማሪ ደም ይጠይቃል፣ አይደርስለትም። ያን ጊዜ ያምዎታል። ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ትንሽ።»

«ስንት?»

«ፓኬት።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁን ተወ። ሲጋራው ዛሬ ይቆማል አለ። ሁለት ዓይነት ኪኒን ጻፈልኝ። «ዋናው መድኃኒት ግን እግርዎ ነው። ይሂዱ። እስኪያምዎት ይሂዱ። ሲብስብዎ ይቁሙ፣ ሲለቅዎ ደግሞ ይሂዱ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ከግማሽ ሰዓት ጀምረው ወደ ሰዓት ያሳድጉት። ለሦስት ወር።»

«ሰውየው አመመኝ ሲል ሂድ ይባላል?»

«ይባላል።»

ኦፕራሲዮንስ አልኩት። አዲስ አበባ አለ አለ። አንዱ በቀጭን ቱቦ ገብተው የጠበበውን በፊኛ ማስፋት ነው። ሌላው ከጭን ደም ሥር ወስደው በተዘጋው ላይ እንደ ድልድይ ማሻገር። «ግን እርስዎ እዚያ አልደረሱም። በእርምጃ ብዙ ሰው ይሻለዋል። እግርዎ ላይ ቁስል ከወጣ ወይም ተኝተው ካመመዎ ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ።»

የጡቡን ነገር ስነግረው ከወንበሩ ተነሳ። «ሁለተኛ እንዳያደርጉት! ደም የማይደርሰው እግር ይቃጠላል፣ የተቃጠለው አይድንም። ስንቱ እግሩን ያጣው በዚህ ነው።»

ስወጣ ጠራኝ። ደብተር ይያዙ አለኝ። ስንት እርምጃ እንደሄዱ፣ ስንት ጊዜ እንደቆሙ ይጻፉ።

ለኔ ነው ይህን የሚነግረው? ካቦ አይደለሁም? ሰው ስንት ጊዜ እንደቆመ ስጽፍ አይደል ያረጀሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 3

የመጀመሪያ ቀን። ከቤት እስከ ዋናው መንገድ፣ ደርሶ መልስ። መጀመሪያ 110 እርምጃ። ከዚያ 90። ከዚያ 70…

ቆምኩ፦ 9።

ጉሙ ወፍራም ነበር። አራተኛው ላይ ስቆም ከኋላዬ የሚመጣ ሰው አብሮኝ ቆመ። ዞርኩ። ማንም የለም። ስሄድ ሄደ። ስቆም ቆመ። ከዚያ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ላስቲክ ድንጋይ ሲመታ።

ያረቢ። ሽማግሌ ጃጀ ይሉኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 6

ሳጥኑን ከፈትኩ። የካቦነት ደብተሮቼ አሉ። ረሂማ ለማንደጃ ስትላቸው እምቢ ያልኳት። የ1987ን አወጣሁ።

መጋቢት 4፦ ሀምዱ፣ ቆመ 3።
ሚያዝያ 11፦ ሀምዱ፣ ቆመ 5።
ግንቦት 8፦ ሀምዱ፣ ቆመ 8። ልግመኛ።
ሰኔ 2፦ ሀምዱ፣ ቆመ 11።
ሰኔ 3፦ ስሙ ላይ መስመር። በማስመሪያ የተሰመረ። ቀጥ ያለ።

ዶክተሩ ጻፍ ያለኝን እኔ ለሀምዱ ጽፌለት ነበር። በገዛ እጄ። ሦስት ወር ሙሉ በሽታው ሲብስ እየቆጠርኩ ኖሬ «ልግመኛ» አልኩት። ያን ደብተር ሐኪም ፊት ይዞ ቢሄድ ኖሮ…

ከሥራ የሰረዝኩት ቀን ትዝ አለኝ። «ካቦ፣ እግሬን ነው…» ብሎ ጀመረ። አላስጨረስኩትም። «ሂድ! ጠጠርህን አራግፈህ ስትጨርስ ትመጣለህ» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። እሱም ፈገግ አለ። ለምን ፈገግ አለ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ደጉ ጋ ሄድኩ። መንገድ ዳር ጫማ ይሰፋል፤ ያኔ ከአርባዎቹ አንዱ ነበር። ሶሌን እይልኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ሶሌ ምንም አልሆነም፣ አውቆታል።

«ሀምዱ እንዴት ነበር የሞተው?» አልኩ።

ቀና አላለም። «ሀምዱ ጠጠር?»

«ሀምዱ።»

«እግሩ ቆሰለ። ቁስሉ እምቢ አለ። ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው። አልሰማህም ነበር እንዴ ካቦ?»

ሰምቻለሁ። ያኔውኑ ሰምቻለሁ። ለቅሶ አልደረስኩም። ሥራ አለብኝ አልኩ። ጠላትም ለቅሶ ይደርሳል፣ እኔ ቀረሁ።

«ሚስቱስ?»

«መዲና? እዚያው ኮምቦልቻ ናት። ከመጋዘኑ ጀርባ ዳገቱ ላይ። ባጃጅ አይወጣውም።» ጫማዬን መለሰልኝ። «ምንም የለውም ካቦ። ጠጠርም የለበትም» አለ። ለቀልድ ነው ያለው። መንገድ እስክሻገር ግን ጀርባዬን ሲያየኝ ተሰማኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 18

አረፋ። ሙና ከአዲስ አበባ መጣች። ልጄ ስታየኝ አለቀሰች፤ ከሳህ አለች። የልብና የደም ሥር ሐኪም አግኝታለች፣ የካቲት ላይ ቀጠሮ አስይዛልኛለች። «አባ፣ ምን ያንከራትትሃል? በፊኛ አስፍተው በሦስት ቀን ይሸኙሃል። እርምጃ ምን መድኃኒት ነው!»

ደስ አለኝ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ካልታመምኩ አልቆምም። ካልቆምኩ እሱም ከኋላዬ አይቆምም። የኦፕራሲዮኑ ስለት ይሻለኛል።

ሙና ጎረቤት ስትወጣ ረሂማ አጠገቤ ተቀመጠች። «ስለት ሳይነካህ በፊት ሐቅ ያለብህን ሰው ሁሉ አፉ አስብል፣ ይቅር ይበሉህ፣ የሙና አባት። የራሱን ሐቅ አላህ ይምራል። የሰውን ግን ባለቤቱ ይቅር ካላለ…»

«ባለቤቱ ቢሞትስ?»

አየችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ስታይ ሌላ ነው።

«ወራሾቹን ነዋ። ማነው?»

በግ ገፈፋ ልርዳ ብዬ ተነሳሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 27

ሲጋራ ካቆምኩ ሃያ ሰባት ቀን። ሁሉ ሰው ያናድደኛል።

140 እርምጃ። ቆምኩ፦ 8። እሱም 8።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 8

ኮምቦልቻ ወረድኩ።

በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የምለውን ስደረድር ነበር። «መዲና እህቴ፣ አላወቅሽኝ ይሆናል…» በልቤ ደግሞ እንደ እሷ ሆኜ እመልሳለሁ። ትሰድበኛለች፣ በር ትዘጋብኛለች፣ ትራገማለች። ለሁሉም መልስ አዘጋጀሁ።

መጋዘኑ ቆርቆሮው ዝጓል፣ በሩ ተቆልፏል። ከጀርባው ዳገቱ። እንዲህ ቀጥ ያለ ነበር እንዴ? ሰባት ጊዜ ቆምኩ። ግማሹ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ የመጋዘኑ ግቢ ወለል ብሎ ይታያል። እኔ ፉጨት ይዤ የምቆምበት ቦታ ሳይቀር።

በሯ ላይ ነበረች። ጎራዳ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች። ገና አፌን ሳልከፍት ሁለት እጇን አነሳች።

«ኧረግ! ካቦ በሺር? አንቱ ነዎት? አልሃምዱሊላህ! ሳላይዎ እሞታለሁ ብዬ ነበር እኮ!»

እጄን ሳመችው። እጄን!

አስገባችኝ፣ ዳቦ ቆረሰች፣ ሻይ አፈላች። የደረደርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። እሷ ናት የምታወራው። «ሀምዱ ስምዎን ሳያነሳ ውሎ አያውቅም ነበር። ካቦው እግሬን እንዳመመኝ አውቆብኝ ቆም በል፣ እረፍ ይለኛል ይለኝ ነበር። በመጨረሻም ‹ሂድ፣ ሲሻልህ ትመጣለህ› ብለው በክብር ሸኙት። ማን ካቦ እንዲህ ያደርጋል? እኔም ከጁምዓ ጁምዓ ዱአዬ ላይ አንድ ቀን ረስቼዎት አላውቅም። እድሜና ጤና ስጠው እላለሁ።»

ስትጨርስ ትመጣለህ… ሲሻልህ ትመጣለህ። ሀምዱ ቃሌን እንደዚያ አድርጎ ነው ቤቱ ያስገባው። ስለዚህ ነበር ፈገግ ያለው? እዚያው ቆሞ ለሚስቱ የሚነግራትን እያበጀ?

ዳቦውን በላሁ። ሻዩን ጠጣሁ። ምንም አልተናገርኩም። መርቃ ሸኘችኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 9

ረሂማ ዳቦ አቀረበችልኝ፣ መልሼ ሰጠኋት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ብሶብኛል። እግሬ አይደለም፤ እግሬስ 190 እርምጃ ሄደልኝ። እሱ ነው የባሰው። በፊት ስቆም ይቆም ነበር፣ ዛሬ ሳልቆምም ሰማሁት። ጠፍ ጠፍ። አንድ ሲጋራ ገዝቼ ለኮስኩ። አንድ ጊዜ ስቤ ጣልኩት።

ለረሂማ ነገርኳት። ሁሉንም። ስሙን፣ መስመሩን፣ ለቅሶውን፣ ዱአውን። ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኛ እስከ ዛሬ የኖርነው በዚያች ሴትዮ ዱአ ነው በለኛ» አለች።

«እውነቱን ብነግራት ሀምዱን አዋርደዋለሁ» አልኩ። «እሱ በክብር ሸኙኝ ብሏታል። ለሱ ክብር ስል…»

«ለሱ ክብር ነው ወይስ ለራስህ?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እዚህ የተወጋው ሞቷል፣ ከሚስቱም ደብቆ ነው የሞተው። የማይረሳው ወጊው ሆነ። ይህን ለረሂማ ስነግራት «ተረቱን ተወውና ሐሙስ ሂድ» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 15

አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። አልያዘኝም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 22

ነገርኳት።

ግቡ ስትለኝ እዚሁ ደጅ ልቁም አልኳት። አሮጌውን ደብተር ይዤ ነበር፤ ማንበብ ስለማትችል እኔው አነበብኩላት። ቆመ 3። ቆመ 5። ቆመ 8፣ ልግመኛ። ቆመ 11። «ጠጠርህን አራግፈህ ስትጨርስ ትመጣለህ ነው ያልኩት፣ መዲና። ሲሻልህ አላልኩም። በሱ ፈንታ አንቺ አፉ በይኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

የምትጮህ መስሎኝ ነበር።

«ሀምዱ ጠጠር ይሉት ነበር?»

«እኔ ነኝ ያወጣሁለት።»

«ለዚህ ነው…» አለች። «አንድ ቀን ልጆች መንገድ ላይ ሲጠሩት ሰምቼ ምንድነው ስለው፣ እንደ ጠጠር ጠንካራ ነህ ሲሉኝ ነው አለኝ።»

ከዚያ አየችኝ። «ዱአዬን መልስልኝ» አለች። «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ! ልጅ ሞቶብኝ እንኳ ዱአዬ ላይ አንተን አስቀድሜ… መልስልኝ!»

አንተ አለችኝ። ካቦ በሺር፣ አንቱ፣ ቀረ። ይገባኛል። የሆነ ነገር ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ፤ መቅለል ይሁን መዋረድ አላወቅሁም።

«እሱ አፉ ብሎህ ይሆናል፣ የደበቀኝ ለዚያ ይሆናል። የኔ ሐቅ ግን የኔ ነው። አፉ አላልኩህም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ና። በየሐሙሱ ና፣ በእግርህ። እሱ ይቺን ዳገት በአንድ እግሩ ሲወጣት ኖሯል።»

በሩን ዘጋች።

ሐሙስ፣ ጥር 6

ሄድኩ። ቆምኩ፦ 7። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። «ስንት ጊዜ ቆምክ?» «ሰባት።» ዘጋች።

ሐሙስ፣ ጥር 13

«ስንት?» «ስድስት።» ዘጋች።

ካቦዬ ሆናለች። ረሂማ ይህን ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። በመሀሉ ባሉት ቀኖች ሆጤን እዞራለሁ፣ አንዳንዴም ገራዶ መውጫ ድረስ። ለሐሙስ መዘጋጀት አለብኝ። እግሬ ሲያመኝ ዶክተሩ ነው የሚናገረኝ፣ ሂድ። ስቆም ሀምዱ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 27

አምስት። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ስቆም ከጎኔ ቆመ። ከኋላዬ አይደለም፣ ከጎኔ። ቁልቁል መጋዘኑን አየን።

ሰኞ፣ የካቲት 8

ዶክተር ስለሺ ደብተሬን ገለባብጦ አየው። ከ110 ተነስቼ 420 እርምጃ ሳልቆም ሄጃለሁ። ሁለቴ ተመለከተኝ። «የምን ዳገት ነው የሚወጡት አባቴ?»

«የኮምቦልቻ» አልኩት።

የደም ሥሩ ጥበት አልጠፋም አለ። ግን ጡንቻው ባለው ደም መሥራት ተምሯል፣ ትንንሾቹም ደም ሥሮች አግዘዋል። «በዚህ ከቀጠሉ ኦፕራሲዮኑን አሁን ባያደርጉት እመክራለሁ። ቢብስ መንገዱ አልተዘጋም፣ ያን ጊዜ እንልክዎታለን።»

ሙናን በስልክ ቀጠሮውን ሰርዢው አልኳት። ጮኸች። «አባ፣ ፈርተህ ነው!» ፈርቼስ ነበር። የፈራሁት ግን ስለቱን አልነበረም፤ እንዴት ብዬ ለሷ ላስረዳ?

ሐሙስ፣ የካቲት 18

አራት። ነገ መውሊድ ነው፣ እንኳን አደረሰሽ አልኳት። «አብሮ ያድርሰን» ብላ ዘጋች። ቃሏን አስቤ መጣሁ። አብሮ አለች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 9

ሦስት። ዛሬ አልዘጋችም።

መቃኑን ተደግፋ ቆመች። እግሬን እያየች «ሐኪም ምን ይልሃል?» አለችኝ። ነገርኳት። ብርድ አይደለም፣ ደም ሥር ነው፣ መሄድ ነው መድኃኒቱ። ሳላስበው ቀጠልኩ፤ ረሂማ ጡብ አግላ እግሬ ሥር ታደርግ ነበር፣ ሐኪሙ እሱን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ፣ ይቃጠላል፣ አይድንም…

ፊቷ ተለወጠ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቁስሉ ከዚያ ነው የመጣው። ብርድ ነው አልኩና ጡብ አጋልኩለት። ‹መዲና፣ አልሞቀኝም› አለኝ። አልሞቀኝም ሲለኝ ደግሜ አጋልኩት። ጠዋት ቆዳው ከጨርቁ ጋር ተነሳ። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ዳገቱ ላይ ማንም የለም። ከታች የጭነት መኪና ይጮሃል።

«አንተ እኔን አፉ በይኝ ትላለህ። እኔ ማንን አፉ በለኝ ልበል?»

«ብርድ መስሎሽ ነው። ረሂማም መስሏታል። ደሴ ሙሉ ብርድ ይመስለዋል» አልኳት። «እኔ በክፋት ነው ያደረግሁት። አንቺ በፍቅር።»

«ለተቃጠለው እግር ምን ለየለት?» አለች።

ቁጢጥ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ከደጁ እስኪሸሽ ተቀመጥን። ስነሳ «እደር» አለች፤ ደህና እደር ለማለት ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 23

ሁለት። አሮጌውን ደብተር ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ማንበብ ባትችልም የሱ ስም የቱ ጋ እንደሆነ አሳየኝ አለች። በጣቷ ተከተለችው። መስመሩ ላይ ስትደርስ ጣቷን አነሳች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 28

ደጉ ጋ ቆሜ ነበር። አንድ የድሮ ጫኝ መጥቶ «ሀምዱ ጠጠርን ታስታውሰዋለህ ካቦ?» ብሎ ሊስቅ ጀመረ። «ሀምዱ ይባላል። እግሩን አሞት ነበር» አልኩት። ሰውየው ግራ ገባው። ደጉ መርፌውን አስቀምጦ አየኝ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። አሥራ አምስት ዓመት ዘግይቶ መቆርቆር ምን ያስደስታል?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 7

ቆምኩ፦ 1።

ጠዋት ሐረጎን ስንወርድ ዘንቦ አባርቶ ነበር፣ ኮምቦልቻ ግን ፀሐይ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ ጀምሬ ወጣሁ። መጀመሪያ የምቆምበትን አለፍኩ። ሁለተኛውን አለፍኩ። ባቴ ይሞቃል እንጂ አልያዘኝም። ሳልቆም መውጣት እንደምችል አወቅሁ። አምስት ወር የለፋሁበት ለዚህ አይደል?

ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ምንም አልተሰማኝም። ጠፍ ጠፍ የለም። ያን ያህል ስሸሸው ኖሬ ዛሬ ዝም ሲል ዞሬ ፈለግሁት። ቀርቶብኝ ነው? ጥዬው ነው የምወጣው? ያኔ አርባው ሰው ጆንያውን ይዞ ሲያልፍ እሱ ብቻውን ግድግዳው ጋ ይቀር ነበር፤ እኔም አይቼ አልፍ ነበር።

ቆምኩ። ሳያመኝ።

መዲና ከላይ በሯ ላይ ሆና ታየኛለች።

«አመመህ?» ብላ ተጣራች።

«የለም።»

«ታዲያ ምን ያስቆምሃል?»

እውነቱን አልኳት።

«እሱ እስኪደርስ ነው።»

ትንሽ ቆየሁና ቀስ ብዬ ወጣሁ። ቀስ ያልኩት ለእግሬ ብዬ አይደለም። ስደርስ ስንት ጊዜ ቆምክ አላለችኝም። አፉ የሚለውን ቃልም አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። በሩን ገርበብ አላደረገችውም፣ ወለል አድርጋ ከፈተችው። እኔን አየች። ከዚያ ከኋላዬ ዳገቱን አየች።

«ግቡ» አለች። «ሁለታችሁም ግቡ።»

ጫማዬን ደጃፉ ላይ አውልቄ ገባሁ።